ከሳምንታዊው የአትክልት ድርሻችን የሚመጡትን ያልለመድናቸውን አትክልቶች እንዴት እንሥራቸው?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጎረቤቶቼ ለሁለት ወንድማማች ገበሬዎች የወሩን ሒሳብ አስቀድመን እንከፍላለን፤ እነርሱም ቅዳሜ ቅዳሜ የደረሰውን አትክልት በዘንቢል ያደርሱናል። አንደኛው በሐረማያ፣ ሌላው እዚሁ በድሬዳዋ ዙሪያ በመስኖ ስለሚያለሙ የደጋውም የቆላውም ምርት ይመጣልናል። ድንቹንና ካሮቱን እናውቅበታለን። ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ እንዲሁም ስሙን የማላውቀው፣ ከነቅጠሉ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ፈዛዛ አረንጓዴ አትክልት ግን ግራ አጋብተውናል። ባሚያው ስለሚዝለገለግ ልጆቼ አይነኩትም። ሰው የደከመበት ምግብ ሲጣል ማየት አልወድምና ከእንጀራ ጋር የሚሄድ አሠራር የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ ከሳቢያን

ኳስ የመሰለው ኮልራቢ ይባላል። ዝርያው ከጥቅል ጎመንና ከአበባ ጎመን ጋር አንድ ነው፤ የሚበላው ያበጠው ግንዱ ነው። ልጣጩ ቃጫ ስላለው፣ በተለይ ከሥሩ በኩል፣ ቢላውን ጠለቅ አድርገው ይላጡት። ከዚያ በኋላ እንደ ድንች ቆራርጠው ከካሮት ጋር በእርድ አልጫ ቢሠሩት ቤተሰብዎ እንግዳነቱን አያስተውልም። ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበስላል።

የባሚያው ችግር ውኃው ነው። የሚዝለገለገው ነገር በውኃ ሲቀቀል እየወጣ ይበዛል፤ ስለዚህ ሳይቆርጡ ያጥቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ እስከማይል ያድርቁት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይክተፉት። ሰፊ መጥበሻ ላይ ዘይቱ በደንብ ሲግል ሳያጨናንቁና ክዳን ሳይከድኑ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱት። ለብቻው በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም የተቁላላ ቁሌት አዘጋጅተው ባሚያውን ሊያወጡ ሲሉ ይጨምሩበት፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት የቀረውን ዝልግልግ ይቀንሰዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሚያ የታወቀ ምግብ ነው፤ እዚያ ወጡን የሚያወፍረው ይኸው ዝልግልጉ ስለሆነ እንደ ጉድለት አይታይም።

ምላሽ፦ ከሐረር

ደበርጃኑን ከሰል ላይ እንዳለ ያስቀምጡት። ልጣጩ ጠቁሮ ውስጡ ሲልም አውርደው ይላጡትና በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ፣ በጨውና በትንሽ ዘይት ደፍጥጠው በዳቦ ይብሉት። ጭሱ የሚሰጠውን ጣዕም መጥበሻ አይሰጥም።

ባሮ ሽንኩርት በየንብርብሩ መሃል አፈር ይይዛል፤ ከላይ ማጠብ አይበቃውም። ነጩን ክፍል በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ቅጠሎቹን እንደ መጽሐፍ እየገለጡ በሚወርድ ውኃ ይጠቡት። ጣዕሙ ለስላሳ በመሆኑ ለድንች አልጫ በቀይ ሽንኩርት ፋንታ ይሆናል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀይ ሥሩ ከነቅጠሉ ይመጣል፤ ቅጠሉ ይበላል? በድሬ ሙቀትስ ዘንቢሉን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዴት ላቆየው?

ምላሽ፦ ከሳቢያን

የቀይ ሥር ቅጠል በሚገባ ይበላል፤ ቆስጣ ራሱ የቀይ ሥር ዘመድ ነውና አሠራራቸው አንድ ነው። ዘንጉን አስቀድመው ቁሉ ውስጥ ያስገቡ፣ ቅጠሉን ዘግይተው ይጨምሩ።

ቅጠሉ ከሥሩ ርጥበት እየሳበ ስለሚያጠወልገው ቅዳሜ ዕለት ወዲያውኑ ይለያዩአቸው። ከቅጠሉ ዘንግ ሁለት ጣት ያህል ቢተዉለት ቀይ ሥሩ ሲቀቀል ቀለሙ አይፈስበትም። ካሮቱንና ኮልራቢውንም እንዲሁ ከቅጠላቸው ይለዩ። ቅጠላ ቅጠሉን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው እሑድና ሰኞ ይጨርሱት፤ ባሚያውን ደረቅ አድርገው ይዘው እስከ ማክሰኞ ይብሉት። ደበርጃኑ ብዙ ቅዝቃዜ አይስማማውምና ጥላ ቦታ ያኑሩት። ከቅጠላቸው የተለዩት ቀይ ሥርና ኮልራቢ ግን ማቀዝቀዣ ካለ እስከሚቀጥለው ዘንቢል ሳይበላሹ ይቆያሉ።