ተጫዋቼ ወጥመድ ልስራ አለኝ፣ ዋጋውን ምን ልበለው?

ሰላም ጓዶች። የምንጫወተው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ በዳይስ እየተወሰነ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ 5ኛውን እትም፣ የ2014ቱን። አጫዋቹ፣ ማለት ታሪኩን የምመራውና ሕጉን የምዳኘው፣ እኔ ነኝ። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ አንድ ተጫዋቼ፣ በር ላይ ገመድ ወጥሬ ሲነካ ክሮስቦው (ባለ ቃታ ቀስት) የሚተኩስ ወጥመድ ካልሰራሁ ብሎ ያዘኝ።

በሕግ መጽሐፉ ያለው የአደን ወጥመድ ቢሆን ቀላል ነበር። ዋጋው 5 ወርቅ ነው፤ የዋጋውን ግማሽ ለዕቃ አውጥቶ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ጉዳቱም አንድ ባለ 4 ጎን ዳይስ ብቻ። የገመዱ ግን ዋጋ የለውም። የወጥመድ ጉዳት ሰንጠረዡ የተጻፈው ለአጫዋች እንጂ ለሠሪ አይደለም። በሱ ስሄድ "አደገኛ" የሚባለው ሁለት ባለ 10 ጎን ዳይስ ነው፣ በአማካይ 11። ጎብሊን (ትንሹ ጭራቅ) ያለው የሕይወት ነጥብ ደግሞ 7! ባለፈው እሺ ብዬው ሦስት ወጥመድ ደርድሮ ሦስት ጎብሊን በር ላይ ጨረሰ። ሌሎቹ ዳይሳቸውን ይዘው ቁጭ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ግን ጨዋታው ሞተ።

አሁን ያሰብኩት ክሮስቦውን በሙሉ ዋጋው፣ በ25 ወርቅ፣ እንዲገዛ ማስገደድ ነው። ጉዳቱም የክሮስቦው ብቻ ይሁን፣ አንድ ባለ 8 ጎን። በጣም ቆነጠጥኩት እንዴ? ደግሞ ጠላት ገመዱን ለማየት የሚያስፈልገውን ቁጥር እኔ ልወስን ወይስ ሠሪው በጣለው ዳይስ ይወሰን? እሁድ እንጫወታለን፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።