የኅሩይ አገር ልጆች ስለ ጃፓን ወዳጅነት የጠየቁኝ ጥያቄ

ጠያቂ፦ መምህር ከዓለም ከተማ

እንደምን ሰነበታችሁ። በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አገራችን የውጭ ግንኙነት ባስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እዚሁ መርሐቤቴ ተወልደው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን መድረሳቸውንና በ1931 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን መሄዳቸውን ተረኩላቸው። ተማሪዎቹ ትረካውን አድምጠው ሲያበቁ ግን እኔ ያልተዘጋጀሁበትን ነገር አነሱ። አንዲት ተማሪ «ወዳጅነቱ ለእኛ ምን አመጣልን?» አለች፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «የሚሰጡን በነፃ ነው ወይስ በብድር? በነፃ ከሆነስ እነሱ ምን ያገኛሉ?» ሲል ጨመረበት።

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ልጁ ከሚመጣበት ቀበሌ አንድ የእጅ ፓምፕ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወዳጅ አገር በሰጠው ገንዘብ የተተከለ ነው (የማን እንደሆነ መጥቀሱ ለነገሩ አይጠቅምም፤ ጃፓን ግን አይደለም)። ሁለት ባንዲራ የተሳለበት የቆርቆሮ ሰሌዳ ዛሬም ቆሟል። የፓምፑ እጀታ ግን ልጆች እንዳይጫወቱበት በሲባጎ ታስሮ ዓመት አልፎታል። የተበላሸው ከታች ቱቦው ውስጥ ያለ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ ጎማ ነው ይባላል። ሴቶቹ በሰሌዳው ሥር አልፈው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ።

ለተማሪዎቼ ከመፈክር ያለፈ መልስ ልስጣቸው ብዬ ነውና፣ በዲፕሎማሲም ሆነ በልማት ትብብር ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው፣ ከምንጃር

መምህር፣ ትውልዴ ምንጃር ነው፤ ከውጭ አገር ትብብር ጋር በተያያዘ የመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1930 አዲስ አበባ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በተከበረው የዘውድ በዓል ላይ የጃፓን መልእክተኛ ተገኝቶ ስለነበረ የኅሩይ ጉዞ በአንድ በኩል የዚያ ብድር መመለሻ ነበር። በሌላ በኩል ግን አንዲት የእስያ አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከኃያላኑ ተርታ እንዴት እንደ ተሰለፈች በዓይን ለማየት ነበር፤ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተጠቅመውበታል። ኅሩይ ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙ። እግረ መንገዴን፣ አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት አስበው ሳይሳካ ቀርቷል፤ የጊዜው ጋዜጦች ብዙ ጽፈውበታል።

ለልጆቹ ሲያስተምሩ የሚቀጥለውን ምዕራፍ እንዳይዘሉባቸው አደራ እላለሁ። ፋሽስት ኢጣልያ በ1935 ስትወረን ብዙ ጃፓናውያን ለእኛ ያላቸውን ድጋፍ በአደባባይ ገልጸዋል። መንግሥታቸው ግን በ1936 መጨረሻ የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኑን (የሚኒስትር መልእክተኛውን ጽሕፈት ቤት) ወደ ቆንስላ ዝቅ በማድረግ ወረራውን ተቀበለ፤ ከጀርባው ኢጣልያ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በማንቹሪያ ላይ ያለውን የጃፓን ይዞታ እንድትቀበል የተደረገ ሰጥቶ መቀበል ነበረበት። ይህን የምለው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። በ1930 የተፈረመው ውል ቀለሙ ሳይደርቅ ምን ያህል ሸክም መሸከም እንደሚችልና እንደማይችል ልጆቹ ይዩት ብዬ ነው። ግንኙነቱ በ1955 ተመለሰ፤ በ1956 ንጉሠ ነገሥቱ ጃፓንን ጎበኙ፤ በ1960 ደግሞ የያኔው አልጋ ወራሽ አኪሂቶ አዲስ አበባ መጡ።

ወደ «በነፃ ወይስ በብድር» ልምጣ። ጃፓን የምትሰጠው በሦስት መንገድ ነው፦ በነፃ እርዳታ፣ በረጅም ጊዜ የሚከፈል ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር፣ እንዲሁም ባለሙያ በመላክና ባለሙያ በማሠልጠን የሚሰጥ የቴክኒክ ትብብር። ከ2008 ጀምሮ ሦስቱንም በዋናነት የሚያስፈጽመው ጃይካ የሚባለው ድርጅታቸው ነው። ብድር ከሆነ ስምምነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በአዋጅ ይጸድቃል፤ አዋጁም በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ስለዚህ ልጁ «ብድር ነው ወይ?» ሲል መልሱን ከጋዜጣው ላይ ራሱ ሊያነበው ይችላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ምክር ቤቱ ያጸድቃል ይላል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ አገሪቱ የምታደርገው ማናቸውም ስምምነት የማያቋርጥ እድገት መብታችንን የሚያስከብር መሆን እንዳለበት ይደነግጋል።

በነፃ የሚሰጠውስ? የእኛ መንግሥት ጥያቄ ያቀርባል፤ የእነሱ አጥኚዎች መጥተው ቦታውን ያያሉ፤ ከዚያ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የማስታወሻ ልውውጥ የሚባለው ሰነድ ይፈረማል። ጋዜጠኞች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ይህን ቀን ነው። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ፈልጌ የማነበው ከኋላ ያሉትን ገጾች ነበር። እዚያ «በተቀባዩ ወገን የሚፈጸሙ ግዴታዎች» የሚል ክፍል አለ፦ መሬቱን ከማናቸውም ይገባኛል ነፃ አድርጎ ማስረከብ፣ ቀረጥና ግብር ማንሣት፣ የተሠራውን ነገር በራስ በጀትና በራስ ሠራተኛ መንከባከብ። ገንዘቡ በነፃ ነው፤ እንክብካቤው ግን በነፃ አይደለም። የዚያ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ የተሳለው የሰጪውና የተቀባዩ ባንዲራ ነው፤ ጎማው ሲያልቅ ግን ተጠያቂው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም እኛ ነን። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደው የርክክብ ሰነዱን እንዲያዩት እመክራለሁ።

መልስ፦ ቀያሹ፣ ከፍቼ

ከጋሼ ጽሑፍ ላይ ትንሽ ልጨምር። እናንተ የመርሐቤቴ ሰዎች ጀማን ተሻግራችሁ በለሚ በኩል ሙከ ጡሪ ስትወጡ የምትገናኙት ዋና መንገድ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ በፍቼ አድርጎ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያልፈው፣ በጃፓን ነፃ እርዳታ በየምዕራፉ እየተከፈለ እንደገና የተሠራ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ «ለእኛ ምን አመጣልን?» ስትል፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር እየተቀመጠችበት እንደምታልፍ ንገሯት።

እኔ በቀያሽ ረዳትነት ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ባለው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ሠርቻለሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ከሺህ ሜትር ይበልጣል። ከታች በወንዙ ላይ ያለው አዲሱ የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ካጂማ በተባለ የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ አሮጌው ድልድይም እዚያው አጠገቡ ቆሞ ይታያል። ሰው ሁሉ ስለ ድልድዩ ያወራል። ያስቸገረን ግን ድልድዩ ሳይሆን አፈሩ ነበር። ክረምት ላይ ጠዋት የተከልነውን ችካል ከሳምንት በኋላ ስንለካው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቁልቁል ሄዶ እናገኘዋለን፤ አንድ ጃፓናዊ ኃላፊያችን ደብተሩን አውጥቶ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ እንድናነብለት ያደርገን ነበር፣ እኛም ያላመነን መስሎን እናኮርፍ ነበር። በኋላ ላይ ባለሙያዎቻቸው ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው በሸለቆው ያለውን የመሬት መንሸራተት ለብቻው አጥንተውታል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ትብብር ይህኛው ነው። የመሬቱን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለኩ የተማሩት የእኛ ልጆች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

አስፋልቱ ዛሬ በየቦታው ከተሰባበረ፣ ምክንያቱን መጀመሪያ ከመጠን በላይ በሚጭነው ከባድ መኪናና ባልተጠረገው የውሃ ቦይ ፈልጉት።

መልስ፦ ነጋዴ ከደብረ ብርሃን

የሁለቱን ወንድሞች ጽሑፍ አክብሬ፣ «እነሱ ምን ያገኛሉ?» የተባለው እየተዘለለ መሆኑን ልጠቁም። ልጁ የጠየቀው ትክክለኛ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ሊመለስለት ይገባል።

በነፃ እርዳታ የሚሠራ ትልቅ ግንባታ ላይ ዋናው ሥራ ተቋራጭ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ከፍ ያለው ድርሻ ወደ መጣበት ይመለሳል። በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ ድምፅ ብዙ ነው፤ ጃፓን ደግሞ በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ስትፈልግ ኖራለች። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲካድ በሚባለው ጉባኤ የአፍሪካ መሪዎችን የምትሰበስበውም በበጎ አድራጎት ስሜት ብቻ አይመስለኝም። ይህ ነውር አይደለም፤ ጥቅሙን የሚያውቅ ወዳጅ ጥቅሙን ከሚደብቅ ይሻላል።

ወዳጅነት ገበያ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል በቡና አይተነዋል። ጃፓን የኢትዮጵያ ቡና ትልቅ ገዢ ነበረች። በ2008 እ.ኤ.አ. ከእኛ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኘ ተባለና ግዢው ክፉኛ ወደቀ፤ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ድልድያችን በተመረቀበት በዚያው ዓመት ማለት ነው! እርዳታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ቡና የሚመረምረው መሥሪያ ቤት አይጠያየቁም፤ መጠያየቅም አይኖርባቸውም። እኛም ጆንያችንን መለየት ነበረብን።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ካይዘንን ነው፤ ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ዮኮሃማ ላይ ከተካሄደው የቲካድ ጉባኤ በኋላ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው ጠይቀው የመጣ ነው፤ በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ በ2011 እ.ኤ.አ. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እኔም ሥልጠናውን ወስጄ መጋዘኔን አስተካክያለሁ። ቀድሞ አንድ የብሎን ሣጥን ለመፈለግ ግማሽ ቀን የሚያጠፋው ልጅ አሁን በመስመርና በቁጥር ያገኘዋል። ሙያው መጋዘኔ ውስጥ ስላለ፣ አሠልጣኞቹ ነገ ቢሄዱ ይዘውብኝ አይሄዱም።

መልስ፦ የዓለም ከተማ ተወላጅ፣ አሁን አዲስ አበባ

መምህር፣ ሌላም ምሳሌ እዚያው ከተማችሁ አለላችሁ። ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽተተን ጋር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወዳጅነት ግንኙነት አላት፤ እናት ሆስፒታልንም ያሠራው በካርልሃይንዝ ቡም የተመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ነው። ሁለት ከተሞች በቀጥታ ሲተዋወቁ ነገሩ ከመንግሥት ስምምነት ይለያል፤ የሚጎበኙት ሰዎች በየጊዜው እየተመላለሱ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ስለሚጠይቁ፣ እኛም እንዳናፍር ስንል እናስተካክለዋለን። ልጅ ሳለሁ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ቁጥር ግቢው ሲጠረግ አስታውሳለሁ። አሁን ሳስበው፣ እንግዳ ባይመጣም መጠረግ ነበረበት።

መልስ፦ መምህር ከዓለም ከተማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉኝ ሐሙስ ዕለት ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሰነዱ በአንድ ብጫ ፋይል ውስጥ ተገኘ። በሦስተኛው ገጽ ላይ «የጥገና ወጪውን ተጠቃሚው ኅብረተሰብ ይሸፍናል» ተብሎ ተጽፎ የቀበሌው ሊቀመንበርና የሁለት ባለሥልጣናት ፊርማ አለበት። መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ የሚገልጽ መስመር ግን የለም። ያችኛዋ ተማሪ ገጹን ሁለት ጊዜ ገልብጣ ፈለገች።

ከዚያ ወደ ውሃ ኮሚቴዋ ገንዘብ ያዥ ሄድን። እማማ የቁጠባ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳዩን፦ ከየቤቱ የተሰበሰበው መዋጮ አልተነካም። «ገንዘቡስ አለ ልጄ፣ ማንን እንጠይቅ? ደብረ ብርሃን ሰው ልከን ‹እንዲህ ያለ ጎማ አናውቅም› ብለው መለሱት» አሉኝ። ስለዚህ እስካሁን እምቢ ያለን ሰጪው አገር እንዳልሆነ፣ የራሳችንም ሰው ገንዘብ እንዳልበላ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ በ1930ው ውል ሳይሆን በዚያ ሦስተኛ ገጽ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ወደ 1936፣ ከዚያም ወደ ቡናው እሄዳለሁ።

መልስ፦ ነጋዴ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ የላኩት ሰው የጠየቀው እኔን ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ሰው መጥቶ በእጁ ልክ እያሳየ የጠየቀኝን አስታውሳለሁ፣ በእጅ ልክ ደግሞ ጎማ አይገዛም። የፓምፑን ዓይነት ከራሱ ላይ ከተጻፈበት ገልብጡልኝ፤ አሮጌውን ጎማ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡና የውስጡንም የውጪውንም ክብ በእርሳስ ከብባችሁ ላኩልኝ። ማክሰኞ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፤ ካገኘሁ በሙከ ጡሪ አውቶቡስ እልክላችኋለሁ፣ ሒሳቡንም ከደረሰኝ ጋር ለገንዘብ ያዥዋ ትሰጡልኛላችሁ።