ከኮዬ ፈጬ እየተመላለሱ ለጂማት መዘጋጀት፦ ሁለት ወር ለቀረው ሰው ምን ይበጃል?

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)

የተከበራችሁ የማህበረሰባችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ የምሠራ ስሆን፣ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ውጭ አገር ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ) ለመማር ለማመልከት ወስኛለሁ። ያሰብኳቸው ትምህርት ቤቶች ሁለተኛውን የማመልከቻ ዙር የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ፣ ማለትም በእኛ የገና በዓል ሰሞን በመሆኑ፣ ለኤምቢኤ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚሆነውን የጂማት ፈተና እስከ ኅዳር መጨረሻ መውሰድ ይኖርብኛል። የቀረኝ ሁለት ወር ገደማ ነው። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሥራዬ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በሰርቪስ ወጥቼ የምመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ቅዳሜም እስከ ቀትር እሠራለሁ፤ ትንሽ ልጅም አለችኝ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ከ700 በታች ካመጣሽ ምንም አይጠቅምሽም ይሉኛል። በቴሌግራም ያገኘኋቸው መጻሕፍት ግን በጣም ብዙ ገጽ ያላቸው በመሆናቸው ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ (ከለገጣፎ)

ውድ እህታችን፣ እንደምን ሰነበቱ። ካናዳ ኤምቢኤ ተምሬ፣ እዚያው ጥቂት ዓመታት ሠርቼ፣ አሁን ኑሮዬን ለገጣፎ ያደረግሁ ሰው ነኝ፤ ከተመለስሁ ወዲህም ለዚሁ ፈተና የሚዘጋጁ ባልደረቦቼንና የሰፈራችንን ወጣቶች ሳግዝ ቆይቻለሁ። ካየሁት ተነሥቼ ስናገር፣ የእርስዎን ያህል ጊዜ ያለው ሰው በመጀመሪያ መወሰን ያለበት የማያጠናው ምን እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለቀድሞው ፈተና ነው። ጂማት በ2023 ኅዳር ወር (በፈረንጆቹ) አዲስ ቅርጽ ይዞ ወጥቷል፤ የቀድሞው ደግሞ ከ2024 ጥር መጨረሻ በኋላ አይሰጥም። በአዲሱ ፈተና የሰዋስው እርማት የሚባለው ክፍል የለም፤ የጽሑፍ ድርሰቱ ቀርቷል፤ ከሒሳቡም ጂኦሜትሪ ወጥቷል። እነዚህን ሦስቱን የሚያስተምር ማንኛውንም ምዕራፍ ሳይከፍቱ ማለፍ ይችላሉ፤ ይህን በማድረግዎ ብቻ ከያዙት ክምር ብዙው ይቀልልዎታል።

ዘመዶችዎ የሚጠሩት 700 የሚለው ቁጥርም የቀድሞው ሚዛን ነው። አዲሱ ነጥብ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁልጊዜ በ5 ስለሚያበቃ፣ 700 የሚባል ውጤት ጭራሹኑ አይኖርም። በተፈታኞች መካከል ባለው ደረጃ ሲመዘን የቀድሞው 700 ከአሁኑ 645 ጋር ይቀራረባል። በቤተሰብ በኩል የሚነገረውን ቁጥር ትተው፣ የሚያመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች በድረ ገጻቸው ላይ የሚያወጡትን የተማሪዎቻቸውን ነጥብ ይመልከቱ፤ ቁጥሩ የአዲሱ ፈተና መሆኑንም ያረጋግጡ።

ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ይወስዳሉ። ሒሳቡ 21 ጥያቄ፣ የንባብና የአመክንዮ ክፍሉ 23 ጥያቄ፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው (ከሠንጠረዥ፣ ከግራፍና ከመሰል መረጃ መደምደሚያ ማውጣትን የሚፈትነው) ሦስተኛው ክፍል ደግሞ 20 ጥያቄ አለው። ሦስቱ በአጠቃላይ ነጥቡ ላይ እኩል ክብደት አላቸው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ አገራችን ተምሮ ያደገ ሰው በሒሳብ ስለሚተማመን ጊዜውን ሁሉ ለሒሳብ እየሰጠ ዳታ ኢንሳይትስን ለመጨረሻው ሳምንት ሲያቆየው ደጋግሜ ስላየሁ ነው። የውጤቱ ሲሶ እዚያ ነው ያለው። እርስዎ በብድር ክፍል ውስጥ በየቀኑ ሠንጠረዥና የሒሳብ መግለጫ ስለሚመረምሩ፣ ከሌላው ተፈታኝ ይልቅ በዚህ ክፍል የተሻለ መነሻ አለዎት ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ክፍል ውስጥ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ግን ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል፤ ጥቂት ልዘርዝረው። ጥያቄው መልሱን አስሉ አይልም፤ የተሰጡት ሁለት መረጃዎች መልሱን ለማግኘት ይበቃሉ ወይስ አይበቁም ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ ቱሉ ዲምቱ ያለ አንድ ሱቅ የዕለት ትርፉ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅና፣ አንደኛው መረጃ የዕለቱ ሽያጭ 12,000 ብር መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወጪው የሽያጩ ሦስት አራተኛ መሆኑን ቢገልጽ፣ አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ይበቃሉ። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። እኛ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር አስልተን መልሱን እንድናሰምርበት ተደርገን የተማርን በመሆናችን፣ 3,000 ብር የሚለውን ሳንጽፍ እጃችን አያርፍም። በአንድ ጥያቄ ላይ የሚባክነው ግማሽ ደቂቃ ከቁም ነገር የሚገባ ባይመስልም፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ያለው ድርሻ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ብቻ ስለሆነ ተደምሮ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ያስቀራል፤ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ደግሞ ነጥብን ክፉኛ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህን ጥያቄዎች የስሌቱን መጨረሻ ላለመጻፍ ለራስዎ ቃል ገብተው ይለማመዱ።

በሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው በዳታ ኢንሳይትስ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነው። ያለ ካልኩሌተር ተፈትነን ያደግን በመሆናችን ይህ ለእኛ ጥቅም ነው። መከለስ ያለባቸው ክፍልፋይና መቶኛ፣ ሬሾ፣ የፍጥነትና የሥራ ጥያቄዎች፣ አለእኩልነት፣ አርቢ ቁጥሮች፣ የሙሉ ቁጥሮች ጠባይ፣ እንዲሁም ፕሮባቢሊቲ ናቸው። ካልኩለስ አይነኩ።

በንባቡ ክፍል ሁለት ዓይነት ጥያቄ አለ፤ አንቀጽ አንብቦ መረዳትና ክሪቲካል ሪዝኒንግ። ሁለተኛው የአንድን ክርክር ስውር ግምት እንዲያገኙ ይጠይቃል፤ የታክሲ ታሪፍ ከጨመረ በኋላ ተሳፋሪ ስለቀነሰ ምክንያቱ ታሪፉ ነው የሚልን ክርክር፣ በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር የሚል መረጃ እንደሚያዳክመው ማለት ነው። ይህን ለመለማመድ መጽሐፍ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሰርቪስ ውስጥ ሆነው በሬዲዮ የሚሰሙትን ማንኛውንም ክርክር በአማርኛ እያሰቡ፣ ይህ እውነት እንዲሆን ሌላ ምን እውነት መሆን አለበት ብለው ይጠይቁ። የማሰብ ልምዱ አንድ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ የተጻፉ ጥቅጥቅ ያሉ ጽሑፎችን በየቀኑ አንድ አንድ ማንበብ ይጠቅማል፤ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ግን አይስጡት።

ወደ ሰዓትዎ ልምጣ። ማታ ልጅዎን ካስተኙ በኋላ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ልታጠኚ ይገባል የሚሉ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። እኔ አልስማማም። ከንጋት ጀምሮ የሠራ ጭንቅላት በዚያ ሰዓት የሚያነበውን ይዞ አያድርም። ሰርቪሱ መንገዱ ሳይጨናነቅ ስለሚደርስ፣ ብዙዎቻችን እንደምናውቀው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሥሪያ ቤት የሚገኝ ባዶ ሰዓት አለ። ባልደረባ ከመግባቱ፣ ስልክ መጮህ ከመጀመሩ በፊት ያለው ያ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ የእርስዎ ትልቁ ሀብት ነው። አዲስና ከባድ የሆነውን ሁሉ ለእሱ ይመድቡ፤ ሰዓት ይዘው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጥያቄ ከሠሩ በቂ ነው። መኪና ውስጥ ማንበብ ራስ ስለሚያዞር፣ የመልስ ጉዞውን የጠዋቱን ስሕተቶች በቃል ለማስታወስ ያውሉት። ማታ የሚቀረው የስሕተት መዝገቡን መጻፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ መዝገብ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኔ እምነት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣልና። አንድ ደብተር ይያዙ፤ በተሳሳቱት ጥያቄ ሁሉ ፊት ትክክለኛውን መልስ ከመጻፍ ይልቅ የተሳሳቱበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ጥያቄውን በጥድፊያ አነበብኩ፣ አሉታዊ ቁጥርን ዘነጋሁ፣ ከተባለው በላይ አሰላሁ፣ ቀመሩን አላውቀውም ነበር የሚሉት ምክንያቶች የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ ከሁለት ወይም ከሦስት ምክንያቶች የማይበልጡ እየተደጋገሙ ያገኟቸዋል፤ የቀረውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ይስጡ።

የፈተናው ባለቤቶች ኤምቢኤ ዶት ኮም በሚባለው ድረ ገጻቸው ላይ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣሉ። አንደኛውን በዚህ ሳምንት እሑድ፣ ምንም ሳያጠኑ ይውሰዱ፤ ነጥቡ አያስደንግጥዎ፣ የሚፈለገው የት እንደቆሙ ማወቅ ነው። ሁለተኛውን ከፈተናው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው፣ በቀጠሮዎ ሰዓት ልክ ተቀምጠው ይሥሩት። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ስለሚቻል፣ ያልገባዎትን ምልክት አድርገው ግምትዎን አስቀምጠው ማለፍን እዚያው ይልመዱ። ይህ በትምህርት ቤት ያልተማርነው ነገር ነው፤ አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲለን እልክ ይይዘናል።

ቀጠሮውንም ዛሬ ይያዙ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ጥናት ሁልጊዜ ለሥራና ለለቅሶ ይሸነፋል። ፈተናውን ለመድገም 16 ቀን መጠበቅ ግዴታ ስለሆነ፣ ኅዳር መጨረሻ ያሉትን ወደ ኅዳር አጋማሽ ቢያመጡት ሁለተኛ ዕድል ይኖርዎታል። ውጤትዎን ካዩ በኋላ ነው ለየትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሚላክ የሚወስኑት፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ለአምስት ትምህርት ቤት በነጻ መላክ ይቻላል። ነጥቡ ለ5 ዓመት ስለሚያገለግልም፣ ዘንድሮ ባይሳካ እንኳ ድካሙ አይጠፋም።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሸክሙ ቀለል ብሎልኛል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ከቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በእኛ ሰፈር ሁኔታ ይመከራል? ክፍያውን በዶላር የሚጠይቀውንስ እንዴት ትወጡታላችሁ?

ምላሽ (ከቨርጂኒያ)

ውድ እህቴ፣ ለእኔ እህት ባለፈው ዓመት እንዲሁ አድርገንላት ስለነበር ልመልስ። ክፍያው እዚህ አሜሪካ በፈተና ማዕከል ሲሆን 275 ዶላር፣ ከቤት ሲሆን 300 ዶላር ነው፤ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ሲመዘገቡ የሚታየውን ይመልከቱ። አካውንቱን በራስዎ ስምና ኢሜይል ይክፈቱ፤ ካርዱ ግን ውጭ ያለ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ስምዎን ፓስፖርትዎ ላይ በተጻፈው አኳኋን፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉና ፊደሉ ሳይዛነፍ ያስገቡ፤ በፈተናው ቀን ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ አያስገቡም።

ከቤት መፈተኑን ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን አልመርጠውም። በፈተናው ሰዓት ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ተቆጣጣሪው በካሜራ ይከታተላል፤ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። ለእርስዎ የሚመች የማዕከል ቀጠሮ ከተገኘ፣ ርቆም ቢሆን እሱን ይያዙ። አማራጭ ከጠፋ ግን ልጅዎን ለዘመድ ሰጥተው፣ ለራውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ አዘጋጅተው፣ በዚያው ክፍልና በዚያው መስመር ሁለተኛውን የልምምድ ፈተና ቀድመው ይሞክሩ። ቀጠሮው የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት መሆኑንም አይዘንጉ፤ 9 ሰዓት የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካርድ የሚከፍልልዎት ሰው ከሌለ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ እኔ እከፍላለሁ፣ ብሩን አያት በሚባለው ሰፈር ለምትኖረው እናቴ ታደርሱልኛላችሁ።