የማኅበሩ የጊታር አምፕ ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው በሚቀርበው ሐሳብ 3ኛ አንቀጽ ላይ የዕቅድ ውይይት

ከዕቃ ግዢ ኮሚቴ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ የግዢው ሐሳብ ተፈርሞ ለጉባኤው ከመቅረቡ በፊት አንድ ነጥብ ላይ የሁላችሁን አስተያየት እንጠይቃለን። በረቂቁ 3ኛ አንቀጽ «በልምምድ አዳራሹ ያለው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ተሽጦ በዲጂታል ሞዴለር ይተካ» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ትዊን ሪቨርብ በቲዩብ (እንደ አምፖል ባለ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ማለትም አምፕ ነው፤ ሞዴለር ደግሞ የአምፕን ድምፅ በኮምፒውተር ስሌት የሚያስመስል ትንሽ መሣሪያ ነው። አምፑ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል፤ ከፎቅ ለማውረድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣና በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ በመሆኑም የእኛን 220 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። አምና በአንድ ሠርግ ላይ ዕቃ ያራገፉት ልጆች ሳያውቁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተውት ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ባንዱ ግማሹን ምሽት ያለ ጊታር እንደተጫወተ ታስታውሳላችሁ። ሞዴለር ግን በጀርባ ቦርሳ ይያዛል፤ አብዛኞቹም ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራሉ።

ከጊታር ተጫዋች አባል፦

ኮሚቴው ስለ ክብደቱና ስለ መብራቱ ያነሳው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም «ተሽጦ» የሚለውን ቃል አልደግፍም።

በቲዩብና በዲጂታል ደጋፊዎች መካከል የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ በሚወጣው ሻካራ ድምፅ ላይ ነው። እኛ ግን በአብዛኛው የምንጫወተው ትዝታና ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል ነው። ከክራር ጋር እየተቀባበልኩ ትዝታ ስጫወት የምፈልገው ጥርት ያለና ሪቨርቡ (እንደ አዳራሽ ማስተጋባት ያለው ድምፅ) ከኋላ ቀስ ብሎ የሚከተለው ድምፅ ነው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ትዊን ሪቨርብም ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል፤ 85 ዋቱ እስከ ከፍተኛ ድምፅ ድረስ ሳይሻክር ይዘልቃል። ዲጂታሉ በደንብ የሚወጣውም ይኸው ጥርት ያለ ድምፅ ስለሆነ፣ ሞዴለሩ ለእኛ ሥራ አይበቃም ብዬ ልከራከር አልችልም። ሞዴለር ድምፁን አዘግይቶ ያወጣል የሚለውንም ስጋት አልጋራም፤ ድምፅ 1 ሜትር አየር ለማቋረጥ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከአምፑ ሁለት ሜትር ርቄ ስቆም የምሰማው መዘግየት የዘመኑ ሞዴለሮች ከሚያመጡት አያንስም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለ 12 ኢንቹ ሁለት ስፒከር ከጀርባዬ ሲነፋ እኔም፣ ድራመሩም፣ ቤዝ ተጫዋቹም እኩል እንሰማለን፤ ስድስት ስምንተኛው ምት ላይ አብረን የምንገባው በዚህ ነው። ሞዴለሩ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ከገባ ግን በሞኒተር (ድምፁን ለተጫዋቾቹ መልሶ በሚያሰማው የመድረክ ስፒከር) ላይ ጥገኛ እንሆናለን። በምንሠራባቸው አዳራሾች ደግሞ ሞኒተሩ ብዙ ጊዜ ለድምፃዊው ብቻ ነው። ስለዚህ የራሱ ኃይል ያለው ስፒከር አብሮ የማይገዛ ከሆነ ግዢው ጎዶሎ ነው።

ከጥገና ባለሙያ አባል፦

ባለፈው ሳምንት አምፑን ከፍቼ አይቼዋለሁ። በውስጡ 10 ቲዩብ አለ፤ አራቱ ትላልቆቹ 6ኤል6 የሚባለው ዓይነት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የአንዱ አናት ላይ እንደ መስታወት ማብረቅ የነበረበት ቅብ ወተት መስሎ ነጥቷል። መስታወቱ አየር አስገብቷል ማለት ነውና ያ ቲዩብ አልቆለታል። አራቱም ተመሳሳይ ሆነው በአንድ ላይ መለወጥ፣ ባያሱም (ቲዩቦቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚያልፍባቸው የኤሌክትሪክ መጠን) እንደገና መስተካከል አለበት። (አደራ፣ ማንም አባል ራሱ እንዳይከፍተው፤ ከ400 ቮልት በላይ የያዙት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎቹ፣ ከመብራት ከተነቀሉ በኋላም ሰው ይገድላሉ።)

ቲዩብ ዛሬ በዋናነት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሩሲያ የውጭ ሽያጭን ስትገድብ ገበያው እንዴት እንደተናጋ አይተናል። ቢሆንም አራት ቲዩብ ቀላል ዕቃ ነው፤ ከዋሽንግተን የሚመጣ አባል በእጅ ሻንጣው ያደርሰናል። የቀረውን እኔ በካውያ እሠራዋለሁ። የሞዴለሩ ዋና ቦርድ ቢበላሽ ግን እኔ ልጠግነው አልችልም፤ ወደ አምራቹ መላክ አለበት።

መብራትም ሌላው ጉዳይ ነው። ከመብራት ወደ ጀነሬተር ሲዞር ሞዴለሩ ይጠፋና እንደ ኮምፒውተር እንደገና ይነሳል፤ ዘፋኙ ግን አይጠብቀውም። የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ይበቃዋል፤ ይህም በግዢው ይካተት።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። የጀርመኑ ኬምፐር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድን እውነተኛ አምፕ ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሠርቷል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። የሚቀዳው ቁልፎቹ በዚያ ሰዓት ያሉበትን ቦታ ብቻ ነው፤ እንደ ፎቶግራፍ ነው። ትዊኑን ጠግነን በተለያየ አቀማመጥ ደጋግመን ብንቀዳው፣ የአዳራሻችንን ድምፅ ይዘን እንወጣለን።

ከዕቃ ግዢ ኮሚቴ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እኛ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ አይተናቸው ነበር። የተሻሻለው 3ኛ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ትዊን ሪቨርቡ አራቱ ቲዩቦች ተለውጠውለት በልምምድ አዳራሹ በቋሚነት ይቀመጥ፤ ከትራንስፎርመሩ ጋር በአንድነት በሳጥን ይታሰር፤ ከአዳራሹ አይውጣ። ለውጭ ሥራ የእውነተኛ አምፕ ድምፅ መቅዳት የሚችል አንድ ሞዴለር፣ ኃይል ካለው ስፒከርና ከዩፒኤስ ጋር ይገዛ። ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበቃ ቲዩቦቹ ይቅደሙ፤ ሞዴለሩ ያለ ስፒከሩ አይገዛ።»

ሞዴለሩ ከመገዛቱ በፊት ከአንድ አባል በውሰት አምጥተን፣ ሁለቱንም ከመጋረጃ ጀርባ አድርገን በአንድ ጊታር፣ በአንድ ትዝታ እናዳምጣለን። ድራመሮችና ድምፃውያንም እንዲገኙ እንፈልጋለን። በአንቀጹ ላይ ማሻሻያ ያለው አባል እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ይጻፍልን፤ ጋሼም የቲዩቦቹን ዝርዝር እስከዚያው ቢልኩልን ለዋሽንግተኑ አባል እናደርሳለን።