የሉዳክሪስ ተከታይ አልበም እና የእንግዶቹ ድርሻ

ጥያቄ፦
የአትላንታው ራፐር ሉዳክሪስ በ2000 እ.ኤ.አ. «ባክ ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ከተወደደለት በኋላ፣ በ2001 «ወርድ ኦፍ ማውፍ»ን ሲያስከትል በርካታ ራፐሮችንና ድምፃውያንን ጋብዟል። ሰሞኑን ደጋግሜ ሳዳምጠው አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ፤ እንግዶቹ አልበሙን አጎልተውታል ወይስ የባለቤቱን ድምፅ ሸፍነውበታል? ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
በእኔ እምነት አጉልተውታል። «ኤሪያ ኮድስ»ን ልብ ብለው ያድምጡት፤ ሉዳክሪስ ቃላቱን እያጋነነና እየተጫወተባቸው ሲወርድ፣ የካሊፎርኒያው ኔት ዶግ አዝማቹን በዚያ ረጋ ባለ ወፍራም ድምፁ ይይዝለታል፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ስለሚለቅ ሁለቱ ባሕርያት አይጋጩም። «ሳተርደይ» ላይ ደግሞ ስሊፒ ብራውን የአትላንታን የሶልና የፈንክ ቃና ይዞ ይመጣል፤ ሙዚቃውን ያቀናበሩትም የዚያችው ከተማ ልጆች የሆኑት ኦርጋናይዝድ ኖይዝ ናቸው፤ ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ሥራ ይህ ነው።

መልስ 2፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም «ሙቭ» ላይ የኒው ኦርሊንሱ ሚስቲካል በሻካራ ጩኸቱ ገብቶ ዘፈኑን የራሱ ያደርገዋል። ፕሮዲዩሰሩ ኬኤልሲም የዚያው ከተማ ሰው በመሆኑ፣ ከባዱ ከበሮ ይበልጥ የሚስማማው ለእንግዳው ይመስለኛል።

መልስ 3፦
ሉዳክሪስ ያለ አጋዥ መቆም ይችል እንደሆነ ለመመዘን ቲምባላንድ ያቀናበረውን «ሮል አውት»ን ያድምጡ፤ እዚያ አንድም እንግዳ የለም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም።