ትንሽ ጀልባ አገኘሁ፤ ልጆቼን ይዤ ዓሣ ለማጥመድ ከመውጣቴ በፊት ምን ላሟላ?

ባለጀልባው (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ከዳር ቆሞ በዘንግ ማጥመድ የለመድኩት ነገር ነው። አሁን ግን አንድ ወዳጄ ሳይጠቀምበት የቆየ የፋይበርግላስ ጀልባ ሰጠኝ። ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.3 ሜትር ነው። ሁለት መቅዘፊያና አንድ ትንሽ ሞተር አለው። የምወጣው ሰፊ ሐይቅ ላይ ነው። ሐሳቤ ታናሽ ወንድሜንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ መውጣት ነው፤ ልጁ 11፣ ልጅቷ 8 ዓመታቸው ነው። እሷ ዋና አትችልም።

ጀልባው ለአራታችን ይበቃል? ምን ዓይነት ላይፍ ጃኬት ልግዛ? መልሕቅስ እንዴት ነው የሚጣለው? ነፋስ ሲነሣ ምን ይደረጋል? ከጀልባ ሲሆን ዓሣው የት እንደሚፈለግም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መቅዘፊያ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ግን አራት ሰው አይሆንም። መጀመሪያ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈበት ታርጋ ጀልባው ላይ ካለ ፈልግ። ከሌለ የተለመደች ስሌት አለች፦ ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር አባዛና ውጤቱን እንደገና በ0.7 አባዛው። ያንተ 3.5 በ1.3 ሲባዛ 4.55 ነው፤ በ0.7 ሲባዛ 3.2 ገደማ ይመጣል። ሦስት ሰው ማለት ነው፣ ያውም ውኃው ጸጥ ባለበት ቀን። ሞተር፣ ነዳጅ፣ መልሕቅና የዕቃ ሣጥን ሲጨመርበት ሦስቱም ይበዛበታል።

ባለጀልባው

አመሰግናለሁ። ልጆቹ ግን ቀላል ናቸው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ሰው አይቆጠሩም?

የቆየ አጥማጅ

በኪሎ ብቻ ከሆነ ያልከው ያስኬዳል ልጄ። ትንሽ ጀልባን የሚገለብጠው ግን የክብደት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የክብደት መንቀሳቀስም ነው። እስቲ አስበው፦ ልጁ ዓሣ ያዘ። «መጣ! መጣ!» ብሎ ተነሣ። እህቱ ለማየት ወደሱ ዞረች፣ አንተ ልትይዘው እጅህን ዘረጋህ፣ ወንድምህ መረቡን ይዞ ጎንበስ አለ። አራታችሁም አንድ ጎን ናችሁ። የጀልባው ጠርዝ ውኃ ሊነካ አንድ ሞገድ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ልጆቹን ተራ በተራ ውሰዳቸው። ሁለት ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት የብስ ላይ ሳላችሁ ተነጋገሩበት፦ ዓሣ የያዘ ሰው ተቀምጦ ይስባል፣ መረብ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው ከመቀመጫው አይነቃነቅም። ቦታ መቀያየር የግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ፣ በጀልባው መሐል መሐል ይሂድ። ለሽንት መቆምም የለም፤ ጣሳ ያዙ። ብዙ ሰው ውኃ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የዳር ሰው

ጀልባው የቆየ ነው ስላልክ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ወይም በጎኑ ውስጥ ውኃ ቢገባበትም እንዳይሰምጥ የሚያደርግ ፎም አለው። ፎሙ ሲያረጅ ውኃ ይመጥጣል። ያኔ ጀልባው ይከብዳል፣ ቢሞላ ደግሞ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ሞተሩን አውርደህ፣ ዳር ላይ፣ ከወገብ በማይበልጥ ውኃ ውስጥ፣ በባልዲ ሆን ብለህ ሙላው። ጠርዙ ከውኃው በላይ ወይም እኩል ሆኖ ከተንሳፈፈ ጥሩ ነው። ወደ ታች ከሄደ ግን ፎሙ ሳይቀየር ልጅ አይሳፈርበት።

በዚያው አጋጣሚ ከውኃ ውስጥ ወደ ጀልባው መውጣትን ተለማመዱ። ከጎን ለመውጣት ስትሞክር ጀልባው ወዳንተው ይገለበጣል፤ ከኋላ ነው የሚወጣው። ልብስህ ሲርስ በክንድህ ጉልበት ብቻ ራስህን ማንሣት ይከብድሃል። ለዚህ መላው ቀላል ነው፦ ወፈር ያለ ገመድ ጫፉን እግር በሚያስገባ ቀለበት ቋጥረህ ሌላውን ጫፍ ከኋላ እሰረው፤ ቀለበቱ ከውኃው በታች ግማሽ ሜትር ያህል ይንጠልጠል። እንደ እርካብ ረግጠህበት ትወጣለህ። ገመዱ ሁልጊዜ ከውኃ ውስጥ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን፤ ሣጥን ውስጥ ያለ ገመድ ለወደቀ ሰው አይጠቅመውም።

ስትወጡ ደግሞ ውታፉን አትርሱ። ከኋላ በታች ያለችው የውኃ ማውጫ ቀዳዳ ሳትደፈን ጀልባው ውኃ ላይ ከወረደ፣ መሙላቱን የምታውቀው መሐል ከደረስክ በኋላ ነው።

ነርሷ

የላይፍ ጃኬቱን እኔ ልመልስ። ብዙ ጃኬቶች ላይ 50፣ 100፣ 150 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ የማንሳፈፍ ደረጃቸው ነው። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ረዳት ቅርቡ ላለ ሰው የታሰበ ነው። ለልጅህ ከ100 በታች አትግዛላት፤ ይሄኛው በፊቷ የተደፋችን ልጅ በጀርባዋ እንዲገለብጥ ታስቦ የተሠራ ነው። አንገትጌ፣ በእግሮቿ መሐል አልፎ የሚታሰር ቀበቶና ከጀርባው በኩል መጎተቻ እጀታ ያለውን ምረጥላት። በጋዝ የሚነፉት ቀጫጭኖቹ ለልጅና ዋና ለማይችል ሰው አይሆኑም።

በክብደቷ ልክ ይሁን፤ «ታድግበታለች» ተብሎ የሚገዛ ልብስ አይደለም። አሥረህ ከጨረስክ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ሳበው። አገጯን አልፎ ወደ ጆሮዋ ከወጣ ሰፍቷታል ማለት ነው። ከዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አንተ ይዘሃት ትንሳፈፍበት፣ ትልመደው። መጀመሪያ የለበሰችው የወደቀች ቀን ከሆነ ትደነግጣለች።

እናንተ ትልልቆቹም ልበሱ። «ዋና እችላለሁ» መልስ አይሆንም። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ በቃ። በጣም በቀዘቀዘ ውኃ እስትንፋስህን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስድብሃል፤ እጅና እግርህ እንደልብ የሚታዘዙህም ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ከወደቅህ በኋላ ጃኬት መልበስ የሚባል ነገር የለም።

መቅዘፊያ

እህታችን ባለችው ላይ ልጨምር። ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ ከሱ አትለዩ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፤ ብዙዎች የሚሰምጡት «እዋኛለሁ» ብለው ጀልባውን ሲለቁ ነው። የተገለበጠ ጀልባ ከሩቅ ይታያል፣ የሰው ጭንቅላት አይታይም። ፊሽካ ጃኬታችሁ ላይ እሰሩ፤ ስልክም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በኪስ ያዙ።

ወደ መልሕቁ ስመጣ፣ ሁልጊዜ ከጀልባው ፊት ነው የሚጣለው። ከኋላ አትሰረው። የጀልባው ኋላ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተር ተጭኖበታል፤ ገመዱ ወደ ታች ሲይዘው ሞገዱ በላዩ ይገባል። የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ 5 እስከ 7 እጥፍ ይሁን። ውኃው 4 ሜትር ከሆነ ከ20 እስከ 28 ሜትር ትለቃለህ ማለት ነው። ገመዱ ካጠረ መልሕቁ ቀጥ ብሎ ይነሣል እንጂ መሬቱን አይቧጥጥም። ቀስ ብለህ አውርደው፣ አትወርውረው፤ እግርህ ገመዱ ጥቅልል ውስጥ እንዳይሆንም ተጠንቀቅ። መልሕቁ ከሥር ተይዞ እንቢ ካለ አትታገለው። ስለታም ቢላ በእጅህ ቅርብ ይሁንና ቁረጠው። ወራጅ ወንዝ ላይ ከሆነ ደግሞ መልሕቅ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ባለጀልባው

ነርሷ፣ መቅዘፊያ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የነፋሱን ነገር እርስዎ ቢነግሩኝ?

የቆየ አጥማጅ

ነፋስ ከፊት ለፊትህ ሲመጣ ታውቀዋለህ። የሚያታልለው ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍሰው ነው። ሰፊ ሐይቅ ላይ ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከየብስ ወደ ውኃ ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይዞርና ከውኃ ወደ የብስ ይሆናል። ማለዳ ዳር ቆመህ ስታይ ውኃው እንደ መስታወት ነው፤ ነፋሱ ከጀርባህ ስለሆነ ሞገዱ የሚነሣው ካንተ ርቆ ነው። ትቀዝፋለህ፣ ይገፋልሃል፣ ደስ ይልሃል። ስትመለስ ነው የሚታይህ።

በመቅዘፊያ የምትወጣ ከሆነ መጀመሪያ ነፋሱን ተቃውመህ ሂድ፣ ሲደክምህ እሱ ይመልስሃል። ነጭ አረፋ በየሞገዱ አናት መታየት ሲጀምር ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሷል፤ በ3.5 ሜትር ጀልባ ከልጅ ጋር የምትቆይበት ውኃ አይደለም። «ይህቺን አንዷን ልያዝና» አትበል። ሞገድ ከበረታ ጎንህን አትስጠው፤ ፊቱን ሰያፍ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ግባበት። ሁላችሁም ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ የገባውን ውኃ እየቀዳ የሚያፈስ ሰው ይኑር።

መብረቅ ከሆነ ብልጭታውን ካየህ ጀምረህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠር። 30 ሰከንድ ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው፤ 30 ሳይሞላ ከሰማህ ዘግይተሃል። እኔ ግን ነጎድጓድ ከሰማሁ ሳልቆጥር እወጣለሁ። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አጋድመው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለስ። በዘንግህ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አለማለፍንም ከዚሁ ጋር ያዘው።

ሞተረኛው

ሞተሩ ማጥፊያ ገመድ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ጫፍ ማብሪያው ላይ፣ ሌላው እግርህ ላይ የሚታሰረው። ብትወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ካልታሰረ ጀልባው ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፣ ወይም ዞሮ ወዳንተ ይመጣል። ከሌለው አስገጥምለት። ቤንዚን ስትሞላ ጄሪካኑን አውርደህ የብስ ላይ ሙላ፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል።

የዳር ሰው

ስለ ዓሣው ማንም አልመለሰልህም! ማለዳና ማምሻ ወደ ዳር ይቀርባል፤ ቀትር ላይ ጥላ ወይም ጥልቀት ይፈልጋል። ነገር ግን በሞቃት ወቅት በጣም ጥልቅ ቦታ አትድከም፤ ሐይቁ ጸጥ ሲል የላይኛው ሞቃት ውኃና የታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ስለማይቀላቀሉ ከታች ኦክስጅን ያንሳል። ሣር የሚያልቅበትን ጠርዝ፣ የወደቀ ዛፍ፣ ድንገት ጥልቀቱ የሚቀየርበትን ቦታ ፈልግ። ነፋሱ የሚገፋበት ዳርም ጥሩ ነው፣ ምግቡን እዚያ ያጠራቅምለታል፤ ነፋሱ ቀላል ሲሆን ብቻ ግን ቅረበው።

ጀልባ ውስጥ ዝም ማለት ከዳር ይልቅ ይጠቅማል። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ወሬ ብዙም አይደርሰውም፤ የሚያባርረው ወለሉ ላይ የሚወድቅ ቆርቆሮ ነው። አሮጌ ምንጣፍ አንጥፍበት። የሪልህን (የክር መጠቅለያህን) ፍሬን ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ አድርገው፤ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ክሩ ይለቃል እንጂ አንተ አትነሣም።

ባለጀልባው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ከወንድሜ ጋር ብቻ፣ ያለ ልጆቹ፣ ዳር ዳሩን እወጣለሁ። ፎሙንም በባልዲ እፈትነዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ጀልባ ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ መንጠቆ ሰው ላይ ቢሰካስ?

ነርሷ

ከአሁኑ ቀላል አድርገው፦ በፒንሳ የመንጠቆውን እሾህ (ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ሹል) ተጭነህ አጣጥፈው። ዓሣው ክሩ እስካልላላ ድረስ አያመልጥም፤ ከሰው ቆዳ ግን በገባበት ይወጣል። መልሰህ ለምትለቀው ዓሣም ይሻለዋል። ዘንግ የሚወረውር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሁሉም መነጽር ያድርግ።

እሾሁ ያልታጠፈ ከተሰካና ጣት ወይም ክንድ ላይ ብዙም ሳይጠልቅ ከሆነ፣ ጠንካራ ክር በመንጠቆው ጉብጠት ዙሪያ አዙር። ክሩ የሚታሰርበትን የመንጠቆውን ጫፍ በጣትህ ወደ ቆዳው ተጭነህ ያዝ፤ እሾሁ ከሥጋው የሚላቀቀው በዚህ ነው። ከዚያ ክሩን ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርገህ በአንድ ጊዜ በኃይል ሳበው። በሚወጣበት አቅጣጫ ማንም አይቀመጥ። በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠበው። ዓይን፣ ፊት፣ አንገት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ግን አትንካው። ክሩን ቆርጠህ፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ አድርገህ ወደ ሐኪም ውሰደው። ዓይን ከሆነ ሳትጫነው በኩባያ ነገር ሸፍነው። የቴታነስ ክትባት ከወሰዱ ከ5 ዓመት በላይ ከሆናቸው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይጠየቅ፤ የልጆቹን የክትባት ካርድ ከመውጣታችሁ በፊት እየው።