በ2400.1 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ስፐር (ያልተፈለገ የጎን ሲግናል) የሉፑን ባንድዊድዝ ሳላጠብ እንዴት ልቀንሰው?

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራክሽናል-ኤን ሲንተሳይዘር (ከሪፈረንስ ኦስሲሌተር ተነስቶ ሙሉ ባልሆነ ብዜት ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ የመቆለፊያ ሉፕ) ነው፤ ሪፈረንሱ 25 ሜጋኸርዝ፣ አካፋዩ 96 ከ1/250። ከካሪየሩ (ከዋናው ሲግናል) ግራና ቀኝ በ100 ኪሎኸርዝ ርቀት −48 ዲቢሲ (ከካሪየሩ አንጻር በዲቢ) ስፐር አለ፤ የሚፈለገው ከ−65 በታች ነው።

ኢንቲጀር ባውንደሪ ስፐር (ውጤቱ ለሪፈረንሱ ሙሉ ብዜት፣ ማለትም ለድንበሩ፣ ሲቀርብ የሚፈጠር) ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፦ ወደ 2400.3 ስሄድ ወደ 300 ኪሎኸርዝ ሸሽቶ ይዳከማል። ዲዘር (ድግግሞሽን የሚሰብር የዘፈቀደ ለውጥ) ማብራት ኖይዙን ከማንሳት በቀር አልፈየደም (አይገርምም፤ ዲዘር የሚበትነው የሲግማ-ዴልታውን (አካፋዩን የሚቀያይረውን ክፍል) ድግግሞሽ እንጂ የሪፈረንስ ሃርሞኒክና የቪሲኦ (በቮልቴጅ የሚስተካከለው ኦስሲሌተር) መደባለቅን አይደለም)። ቪሲኦውን በባትሪ ባንቀሳቅሰውም ያው ነው። የሉፑን ባንድዊድዝ ከ60 ወደ 20 ኪሎኸርዝ ሳጠበው −66 ደረሰ፤ ግን የመቆለፊያ ጊዜው ከ80 ወደ 260 ማይክሮሰከንድ ዘለለ። የተፈቀደልኝ 100 ብቻ ነው።

ሪፈረንሱን ማካፈል አያድንም፤ 2400 የ25 ብዜት ስለሆነ በ2ም በ3ም ባካፍለው ድንበሩ እዚያው ይቆያል። 26 ሜጋኸርዝ ብጠቀም ቅርብ ድንበሩ 2392 ይሆንና ስፐሩ 8.1 ሜጋኸርዝ ይርቃል፤ በተራው ግን 2418 አጠገብ ያለው ቻናሌ ይመታል።

ሁለት ኦስሲሌተር አስቀምጦ እንደ ቻናሉ መቀያየር ይሻላል፣ ወይስ የቻርጅ ፓምፕ (ለሉፑ ፊልተር ከረንት የሚሰጠው ክፍል) ብሊድ ከረንት (የሚጨመርበት ትንሽ ቋሚ ከረንት) ብቻውን 17 ዲቢ ሊያወርድ ይችላል? ቻርጅ ፓምፑ 2.5 ሚሊአምፕ ነው፤ ብሊዱን ከስንት ማይክሮአምፕ ልጀምር?